ሦስት ቴምብሮችና ሦስት የኮራል ደሴቶች፤ ስለ ቶከላው የተዘጋጀ የሬዲዮ ትምህርት

በዛሬው የጂኦግራፊና የታሪክ ዝግጅታችን የምናነሣው ነገር በሁለት ጣት መካከል ተይዛ የምትታይ አንዲት ትንሽ የፖስታ ቴምብር ስትሆን፣ በእርሷ መነሻነት ግን ስለ አንድ ሰፊ ውቅያኖስ፣ በውቅያኖሱም መካከል ምድርን ስለሚሠሩ ጥቃቅን ፍጥረታት፣ በዚያችም ምድር ላይ ስለሚኖር ቁጥሩ ጥቂት ስለሆነ ሕዝብ እንናገራለን። በንግግራችን ውስጥ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድማችሁ እንድታውቁልን እንወዳለን።

ጁን 22 ቀን 1948 የኒውዚላንድ መንግሥት በፓስፊክ ውቅያኖስ መካከል ለሚገኙት ለቶከላው ደሴቶች፣ ስማቸው የተጻፈባቸውን የመጀመሪያዎቹን ቴምብሮች አወጣ። ቁጥራቸው ሦስት ሲሆን፣ ባለ ግማሽ ፔኒው የአታፉን መንደር፣ ባለ አንድ ፔኒው የኑኩኖኑን ጎጆ፣ ባለ ሁለት ፔኒው የፋካኦፎን መንደር ያሳያል፤ በእያንዳንዱም ላይ ከሥዕሉ ጋር የየደሴቲቱ ካርታ አብሮ ተቀርጿል። ከሦስቱ መካከል ዛሬ በተለይ የምንመለከታት የአታፉዋ ናት። ካርታዋን ልብ ብሎ ያየ ሰው አገር ብሎ ከለመደው ቅርጽ ጋር የሚስማማ ነገር አያገኝባትም፤ መካከሉ ምድር መሆን ሲገባው ውሃ ነው፣ ምድሩ ደግሞ ውሃውን ዙሪያውን የከበበ ቀጭን መስመር ነው። እንዲህ ያለው ክብ የኮራል ደሴት በሊቃውንት ዘንድ አቶል ይባላል፤ በመካከሉ የተዘጋው ባሕርም ላጉን ይባላል።

የቴምብር ሠዓሊ የሚሥለው ከባሕር በላይ የሚታየውን ነው። ይህ ቀጭን መስመር ከባሕሩ በታች በምን ላይ እንደቆመ፣ በላዩም የኖሩት ሰዎች ቴምብሩ ከመታተሙ በፊት ምን እንደደረሰባቸው በወረቀቱ ላይ አልተገለጸም፤ እኛ ግን ደሴቲቱን በእውነት የሚያውቃት እነዚህን ሁለቱን ያወቀ ሰው ነው ብለን ስለምናምን፣ ትምህርታችንን በዚሁ መንገድ እንመራለን።

የዓለም ካርታ በቅርብ ያላችሁ አድማጮች፣ ከምድር ወገብ በስተደቡብ ከ8 እስከ 10 ዲግሪ፣ ከግሪኒች በስተምዕራብ ከ171 እስከ 173 ዲግሪ ባለው ስፍራ ብትፈልጉ፣ ከሳሞአ በስተሰሜን 500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው የተበተኑ ሦስት ነጥቦች ታገኛላችሁ፤ ብዙ ካርታዎች ግን ነጥቡን እንኳ ሳያኖሩ ያልፋሉ። የሦስቱ ደሴቶች ምድር በአንድነት ቢለካ 10 ወይም 12 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን፣ ከፍታውም ከባሕር ጠለል በላይ ከ5 ሜትር እምብዛም አይበልጥም። ተራራ የለም፤ ወንዝ የለም፤ ከኮራል በቀርም ሌላ ድንጋይ የለም።

እንግዲህ ኮራል ምንድን ነው? በጥንት ዘመን አንዳንዶቹ ዕፅ ነው ሲሉ፣ ሌሎቹ ድንጋይ ነው ሲሉ ኖረዋል፤ በእውነቱ ግን ሙቀት ባለውና ጥልቀቱ ባልበዛ ባሕር ውስጥ ማኅበር ሠርቶ የሚኖር ጥቃቅን እንስሳ ነው። አካሉ ለስላሳ፣ አፉም በቀጫጭን ክንዶች የተከበበ ሆኖ፣ በባሕር ውሃ ውስጥ የሟሟውን ኖራ እየሳበ ከበታቹ ጠንካራ መቀመጫ ያበጃል፤ እርሱ ሲሞት መቀመጫው ይቀራል፣ ተከታዮቹም በአባቶቻቸው ዐፅም ላይ ቆመው የራሳቸውን ይጨምሩበታል። በአካሉ ውስጥ ያለ መሣሪያ በዓይን የማይለዩ አልጌዎች በእንግድነት ያድራሉ፤ እነዚህም የፀሐይን ብርሃን ተቀብለው ለባለቤቱ ምግብ የሚያዘጋጁለት ስለሆኑ፣ ቅጥር የሚሠራው ኮራል ብርሃን በማይደርስበት ጥልቀት ውስጥ ሊኖር አይቻለውም። ይህን ነገር በልባችሁ እንድትይዙልን እንለምናለን፤ ወደፊት የምንናገረው ምሥጢር የሚፈታው በዚህ ነውና። የኮራል ሥራ ለሀገራችንም ፈጽሞ እንግዳ አይደለም፤ በአፋር ምድር፣ በደንከል ረባዳ ጠርዝ ላይ፣ ከመቶ ሺህ ዓመታት በፊት ቀይ ባሕር ወደ ውስጥ በገባበት ዘመን የተሠራ የኮራል ቅጥር ደርቆ እስከ ዛሬ ድረስ ይታያል።

በፓስፊክ ላይ ያለፉ የጥንት መርከበኞች በነዚህ ደሴቶች ፊት በቀረቡ ጊዜ አንድ ነገር እጅግ ያስደንቃቸው ነበር፤ ማዕበሉ ከሚሰበርበት ከኮራሉ ቅጥር ጥቂት ራቅ ብለው የመለኪያ ገመድ ወደ ውሃው ሲሰዱ፣ ገመዱ አልቆ እንኳ መሬት የማያገኝበት ጊዜ ብዙ ነበር። እንግዲህ ኮራል በብርሃን እንጂ በጨለማ የማይኖር ከሆነ፣ ከዚህ ሁሉ ጥልቀት ተነሥቶ እስከ ባሕሩ ፊት የደረሰው ግንብ በማን ተሠራ? ከሊቃውንቱ አንዳንዶቹ፣ ከባሕሩ በታች የእሳተ ገሞራ አፎች አሉ፣ ኮራሉም በነዚያ ከንፈር ላይ ክብ ሆኖ በቀለ ብለው ነበር። ይሁን እንጂ ርዝመታቸው ብዙ አሥር ኪሎ ሜትር የሆነ አቶሎች ስላሉ፣ ይህን ያህል ስፋት ያለው የእሳተ ገሞራ አፍ፣ ያውም ሁሉም ልክ ተሰጥቶት እንደተቆረጠ ያህል ከባሕሩ ፊት በጥቂት ሜትር ዝቅ ብሎ የቆመ፣ ይገኛል ብሎ ማመን አስቸጋሪ ነበር።

መልሱን ያገኘው ቻርልስ ዳርዊን ነው። ቢግል በምትባለው መርከብ ዓለምን ሲዞር፣ በደቡብ አሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ ምድር በመሬት መናወጥ ከባሕር በላይ ከፍ ማለቱን አይቶ፣ በአንድ ወገን የሚነሣ ምድር ካለ በሌላው ወገን የሚሰምጥ መኖር አለበት ብሎ አሰበ፤ ይህንንም ሐሳብ ያፈለቀው እውነተኛ የኮራል ቅጥር በዓይኑ ከማየቱ አስቀድሞ ነበር። በአፕሪል 1836 በሕንድ ውቅያኖስ ወደምትገኘው ወደ ኪሊንግ አቶል ደርሶ ነገሩን በቅርብ መረመረ፤ በ1842ም ስለ ኮራል ቅጥሮች አሠራርና ስርጭት የጻፈውን መጽሐፍ አሳተመ። ትምህርቱም በአጭሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ እሳተ ገሞራ ከቀላያት ተነሥቶ ተራራ ያለበት ደሴት ይሆናል፤ ኮራልም የደሴቱን ዳርቻ ተጠግቶ ይበቅላል። ከዚያ በኋላ ተራራው ከሥሩ ባለው የባሕር ወለል መውረድ ምክንያት በሰው ዕድሜ በማይታወቅ ዝግታ መስመጥ ይጀምራል፤ ኮራሉ ግን ብርሃኑን እየተከተለ፣ ተራራው በወረደ መጠን እርሱ ወደ ላይ ይገነባል። በዚህም ጊዜ በተራራውና በቅጥሩ መካከል ውሃ ይገባል። በመጨረሻ የተራራው ራስ ከባሕሩ በታች ሲሠወር፣ በስፍራው ላጉን ይቀራል፣ በላጉኑም ዙሪያ ተራራውን የከበበው የኮራል ቅጥር ብቻውን ይቆማል። እንግዲህ በቴምብሯ ላይ የምናየው ክብ መስመር የአንድ የጠፋ ተራራ ዳርቻ መሆኑን ስናውቅ፣ ያቺ ትንሽ ካርታ ዓይናችን ያላየውን ሌላ አገር እንደያዘች እንረዳለን። ከተፈጥሮ ጥበብ መጻሕፍት ሁሉ ይህን ያህል በጥቂት ማስረጃ ይህን ያህል ትልቅ እውነት የተገለጠበት ስፍራ ጥቂት ነው ብለን እናምናለን።

ይሁንና ክርክሩ በቶሎ አልተዘጋም። ጆን መሬይ የሚባለው የባሕር ሊቅ፣ አቶል የሚሠራው ደለል ተከማችቶ ባሳደገው የባሕር ወለል ጉብታ ላይ ነው፣ የተራራ መስመጥ አያስፈልግም ብሎ ተቃወመ። ዳርዊን ራሱ ከመሞቱ በፊት በ1881 በጻፈው ደብዳቤ፣ አንድ ባለጸጋ ተነሥቶ በአቶሎች ላይ ጥልቅ ጕድጓድ ቢያስቆፍር ብሎ ተመኝቶ ነበር። ምኞቱ በከፊል የተፈጸመው የለንደን ሮያል ሶሳይቲ ከ1896 እስከ 1898 በፉናፉቲ ደሴት ባስቆፈረ ጊዜ ነው፤ ፉናፉቲም ከቶከላው በስተምዕራብ የምትገኝ፣ ዛሬ የቱቫሉ መንግሥት መቀመጫ የሆነች አቶል ናት። ቁፋሮው 340 ሜትር ያህል ወርዶ ከኮራልና ከኮራል ደለል በቀር ሌላ ነገር ሳያገኝ ስለቆመ፣ ሁለቱም ወገኖች በየሐሳባቸው ጸኑ። እርግጡ የታወቀው በ1952 በማርሻል ደሴቶች በኤኒዌታክ አቶል ሁለት ጕድጓዶች በተቆፈሩ ጊዜ ነው፤ አንደኛው በ1,267 ሜትር፣ ሁለተኛው በ1,405 ሜትር ጥልቀት ላይ፣ ከዚያ ሁሉ የኖራ ድንጋይ በታች ጥቁሩን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አገኙ። ከዳርዊን መጽሐፍ 110 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ስለ ኤኒዌታክ ካነሣን ዘንዳ አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አይገባንም። ጕድጓዶቹ የተቆፈሩት አሜሪካውያን የኑክሌር ቦምብ መሞከሪያ ባደረጉት አቶል ላይ ነው። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 1 ቀን የመጀመሪያው የሃይድሮጅን መሣሪያ በኤኒዌታክ ሲፈነዳ፣ ኤሉጌላብ የምትባለው የአቶሉ ደሴት ፈጽማ ጠፋች፤ በስፍራዋም ስፋቱ 2 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ጕድጓድ በባሕሩ ውስጥ ቀረ። ኮራል በሺህ ዓመታት ድካም ያነጸውን ምድር ሰው በቅጽበት ሲያጠፋው፣ የደሴቲቱ ባለቤቶች አስቀድሞ ወደ ሌላ አቶል ተወስደው ነበር። ይህን የምንናገረው በሐዘን ነው።

ወደ ቶከላው እንመለስ። በኮራሉ ቅጥር ላይ ማዕበል የሰበረውን ድንጋይና አሸዋ ሲቆልል ትንንሽ ደሴቶች ይሠራሉ፤ በዚያም ላይ ሰው ሊኖር የሚችለው ውሃ ካገኘ ብቻ ነው። የዝናቡ ውሃ በአሸዋው ውስጥ ሰርጎ ከወረደ በኋላ፣ ከባሕሩ ጨው ውሃ ይልቅ ቀላል ስለሆነ፣ ዘይት በውሃ ላይ እንደሚንሳፈፍ በላዩ ተኝቶ ይኖራል። ሰው በዝግታና በልክ ከቀዳ ጣፋጩ ውሃ ይገኛል፤ በስስት ወይም በድርቅ ጊዜ ካበዛ ግን ከሥር ያለው ጨው ይወጣና ጕድጓዱ ይበላሻል። የቶከላው ሰዎችም በቀድሞው ዘመን ከጕድጓድ ሌላ የኮኮናት ዛፍን ግንድ ከሥሩ ፈልፍለው ዝናብ ያጠራቅሙበት ነበር። አፈሩ ስስ ስለሆነ እህል አይበቅልበትም፤ ኮኮናት፣ ፓንዳነስ፣ የዳቦ ፍሬ የሚባለው ዛፍ፣ በተቆፈረ ጕድጓድ ውስጥ የሚተከል አንድ ዓይነት የሥራሥር ተክል፣ ከሁሉም በላይ ዓሣ፣ የሕዝቡ ሲሳይ እነዚህ ናቸው። ካናቫ የሚሉትም ዛፍ ለታንኳ ሥራ ይሆናቸዋል።

እንዲህ ባለ ጠባብ ምድር ላይ የኖረ ሕዝብ የሠራው ሥርዓት ከሁሉ ይልቅ ልብን ይነካል። ኢናቲ ይሉታል። ወንዶቹ በአንድነት ወጥተው ያጠመዱት ዓሣ ወደ መንደሩ አደባባይ መጥቶ ይቆጠራል፤ ከዚያም ለእያንዳንዱ ቤት እንደ ሰው ብዛቱ እየታየ ይከፈላል፤ ባሕር የወጣውም ያልወጣውም፣ መበለቲቱም ሕፃኑም ድርሻ አላቸው። የአዛውንት ጉባኤ በመንደሩ ላይ ሥልጣን አለው፤ ስለ ዓሣ ማጥመጃ ስፍራና ጊዜ የሚወስነውም እርሱ ነው። በጥንት ዘመን ቱዪ ቶከላው የሚሉት አምላካቸው በፋካኦፎ ይመለክ የነበረው በምንጣፍ በተጠቀለለ የኮራል ዐምድ አምሳል ሲሆን፣ በ1841 በቻርልስ ዊልክስ መሪነት የመጣው የአሜሪካ የምርምር ጉዞ አባላት ይህን አይተው ጽፈዋል። ቀጥሎም በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ የክርስትና ስብከት ከሳሞአ በኩል ገባ፤ አታፉ የፕሮቴስታንቶችን፣ ኑኩኖኑ የካቶሊኮችን ሃይማኖት ተቀበሉ፤ ፋካኦፎ ላይ ሁለቱም ጎን ለጎን ቆዩ።

የአውሮፓ መርከቦች ወደነዚህ ደሴቶች የደረሱት ቀስ በቀስ ነው። የባለቅኔው የሎርድ ባይረን አያት የነበረው ጆን ባይረን በ1765 ወደ አታፉ ደርሶ ሰው ስላላገኘባት፣ የእንግሊዝ መስፍን ስም ሰጥቷት ሄደ፤ ባውንቲ በምትባለው መርከብ ላይ ያመፁትን መርከበኞች ሊፈልግ የወጣው ካፒቴን ኤድዋርድስ ደግሞ በ1791 ኑኩኖኑን አየ። ከነርሱ በኋላ ዓሣ ነባሪ አዳኞች መጡ። እነዚህ ሁሉ ስም ሰጥተው አለፉ እንጂ በሕዝቡ ላይ ትልቅ መከራ አላመጡም።

መከራው የመጣው በ1863 ነው። የፔሩ መንግሥት በ1854 ባርነትን በሕግ ከሻረ በኋላ የእርሻ ባለቤቶች የሠራተኛ እጥረት ስለገጠማቸው፣ በ1861 በወጣ ሕግ ተደግፈው፣ ሠፋሪ ሠራተኞችን ከእስያና ከፓስፊክ እናምጣ ብለው መርከብ አሰማሩ። በወረቀት ላይ ስምምነት ይባል እንጂ፣ መርከበኞቹ በተግባር ባሪያ ፈንጋዮች ነበሩ፤ ባልታጠቀ ሕዝብ ላይ በማታለልም በኃይልም እየመጡ፣ ጠንካሮቹን ሰዎች መርጠው በመርከቡ ሆድ ውስጥ አስገቧቸው። ከሦስቱ የቶከላው ደሴቶች የተወሰዱት 250 ያህል ነበሩ። በትልቅ አገር ታሪክ ውስጥ ይህ ቁጥር በአንድ መስመር ያልፋል፤ በቶከላው ግን ከሕዝቡ ሁሉ ግማሽ ያህሉ ነበር። ታንኳ የሚሠሩት፣ ባሕሩን የሚያውቁት፣ ዓሣ አጥምደው ለኢናቲው የሚያመጡት ክንዶች በአንድ ወራት ሄዱ፤ የቀሩት ሽማግሌዎች፣ ሴቶችና ሕፃናት ሲሆኑ፣ በዚያው ወራት የገባው የተቅማጥ በሽታ ከነርሱም ብዙዎችን ገደለ። ከመላው የፓስፊክ ደሴቶች እንዲህ ተይዘው የተወሰዱት ሰዎች ከ3,000 በላይ እንደሆኑ ይታወቃል። ነገሩ በየአገሩ በተሰማና ተቃውሞ በበዛ ጊዜ የፔሩ መንግሥት በዚያው ዓመት በአፕሪል ወር ንግዱን ከለከለ፤ በሕይወት የተረፉትንም ለመመለስ መርከቦች ተሰጡ፤ ዳሩ ግን እስረኞቹ በበሽታ ተዳክመው ስለተጫኑ ብዙዎቹ በባሕር ላይ አለቁ፤ ፈንጣጣም ከተመላሾቹ ጋር ወርዶ እንደ ራፓ ኑዪና እንደ ኑኩ ሂቫ ባሉት ደሴቶች ላይ አዲስ እልቂት አደረሰ። ከቶከላው ከተወሰዱት ወደ አገራቸው የተመለሱት እጅግ ጥቂቶች ናቸው።

እንዲህ ከተራቆተው ቅሬታ ሕዝብ ነው የዛሬው ቶከላው የበቀለው። በኋላ በዚያ የሠፈሩ ከፖርቱጋል፣ ከስኮትላንድ፣ ከጀርመንና ከፈረንሳይ የመጡ ጥቂት ሰዎች ከደሴቶቹ ሴቶች ጋር ተጋብተው የቤተ ሰቦቹ ሐረግ ተቀላቀለ፤ ነገር ግን ቋንቋውና የኢናቲው ሥርዓት የደሴቶቹ ሆኖ ቀረ። ይህም በታሪካቸው ውስጥ ትልቁ ነገር ነው ብንል አላጋነንንም።

በ1889 የእንግሊዝ መንግሥት ደሴቶቹን በጥበቃው ሥር አደረገ፤ በ1916 ከጊልበርትና ኤሊስ ደሴቶች ቅኝ ግዛት ጋር ቀላቀላቸው፤ ከ1926 ጀምሮ አስተዳደራቸው ለኒውዚላንድ ተሰጠ። ሕዝቡ በደብዳቤው ላይ የሚለጥፈውም ቴምብር ጌታው በተለወጠ ቁጥር ይለወጥ ነበር፤ መጀመሪያ የጊልበርትና ኤሊስ፣ ከዚያም የሳሞአ። በ1948 የወጡት ሦስቱ ቴምብሮች የቶከላውን ስም በመያዛቸው የተከበሩትም ስለዚህ ነው። በተከታዩ ዓመት በጃንዋሪ 1 ቀን ቶከላው የኒውዚላንድ ግዛት ክፍል ሆነ። የቴምብሮቹ አገልግሎት ረጅም ነበር፤ በ1956 የበለጠ ዋጋ ያለው ቴምብር ባስፈለገ ጊዜ፣ አዲስ ሥዕል በመሥራት ፋንታ በአታፉዋ ባለ ግማሽ ፔኒ ላይ አንድ ሺሊንግ የሚል ጽሑፍ ታተመባት፤ በዚያን ጊዜ አንድ ሺሊንግ 12 ፔኒ ስለነበረ፣ ያቺው ሥዕል በአንድ ቀን ዋጋዋ ሃያ አራት እጥፍ ሆነ።

ምድሩ ግን ሰፋ አላለም። ከ1960ዎቹ ጀምሮ ብዙ ቤተ ሰቦች በመንግሥት እርዳታ ወደ ኒውዚላንድ ተሻግረው ስለሠፈሩ፣ ዛሬ በደሴቶቹ ላይ 1,500 ያህል ሰዎች ሲኖሩ፣ በኒውዚላንድ የሚኖሩት የቶከላው ተወላጆች ከ8,000 በላይ ናቸው። አውሮፕላን ማረፊያ የለም፤ ከሳሞአ ከአፒያ ወደብ የሚነሣው መርከብ ከአንድ ቀን በላይ ተጉዞ ይደርሳል፤ በቅጥሩ ምክንያት ወደ ዳር መጠጋት ስለማይችልም ሰውና ዕቃ በጀልባ ይወርዳል። በ2012 የሦስቱም ደሴቶች መብራት ከነዳጅ ወደ ፀሐይ ኃይል ተዛወረ። የባሕሩ ከፍታ መጨመርና የውሃው መሞቅ ግን በሁለት ወገን ያስጨንቃቸዋል፤ ከፍ ያለው ማዕበል ጣፋጩን ውሃ በጨው ይበክላል፣ የሞቀው ባሕር ደግሞ ቅጥሩን የሚያንጸውን ሕያው ኮራል ይገድላል፤ ኮራሉ ከሞተም ቅጥሩን የሚጠግነው የለም።

በአስተዳደራቸው በኩል ዋና ከተማ የላቸውም፤ ሦስቱ ደሴቶች የመሪነቱን ማዕረግ በየተራ ይቀባበላሉ። በፌብሩዋሪ 2006 በተባበሩት መንግሥታት ታዛቢዎች ፊት፣ ከኒውዚላንድ ጋር በነፃ ኅብረት ራሳቸውን ያስተዳድሩ እንደሆነ ሕዝቡ ድምፅ እንዲሰጥ ተጠየቀ፤ ውሳኔው እንዲጸና ከሦስት እጅ ሁለቱ መስማማት ሲኖርበት የተስማሙት ከመቶ 60 ሆኑ። በኦክቶበር 2007 ጥያቄው እንደገና በቀረበ ጊዜ 446 ሰዎች ሲስማሙ 246ቱ አልፈቀዱም፤ የሚፈለገው ቁጥር ሳይሞላ የቀረው በ16 ድምፅ ብቻ ነበር። በዚህ ምክንያት ቶከላው እስከ ዛሬ ድረስ በተባበሩት መንግሥታት መዝገብ ላይ ራሳቸውን ገና ካላስተዳደሩ አገሮች ጋር ተጽፎ ይገኛል፤ በመንደሮቹ ውስጥ ያለው ሥልጣን ግን በአዛውንቱ ጉባኤ እጅ ነው።